ጋሽ ሄራሞና ኮርማው

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከሌሞ ገጠር የመጣ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በቢሯችን መስኮት አንገቱን አስገባና፣ «መንገድ ላይ ኮርማው ሞተ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከጎኔ የሚቀመጠው አዲስ ባለሙያ፣ ከተቀጠረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ ጽሕፈት ቤት ኮርማ የለውም። የየትኛው ማኅበር ኮርማ ነው የሞተው?» አለው። እኔ መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ልጁ ያበድኩ መስሎት ውሃ ሊያመጣልኝ ተነሳ።

«እውነት ነው» አልኩት ገበሬውን። «ትናንት አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።»

ሰውየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ላሜ ጠዋት ስትጮህ ነበር፤ ልጠራው ነው የመጣሁት» አለና ወደ ለቅሶው ቤት የሚወስደውን መንገድ ጠይቆኝ ሄደ።

ኮርማው ማለት ጋሽ ሄራሞ ነው። እውነቱን ለመናገር ስሙ መጀመሪያ የሞተሩ ነበር፤ እያደር ነው ወደ ባለቤቱ የተሻገረው። የጋሽ ሄራሞ ሥራ ላም ማዳቀል ነበር። በእኛ አካባቢ ያለ ገበሬ ላሙ ኮርማ ስትፈልግ በየጎረቤቱ ኮርማ ፍለጋ መዞሩን ትቶ ስልክ ይደውላል፤ ባለሙያው የተመረጠ የኮርማ ዘር በናይትሮጅን በቀዘቀዘ ኮንቴይነር ይዞ በሞተር ከተፍ ይላል። ታዲያ የመንደሩ ሕፃናት የሞተሩን ድምፅ ገና ከኮረብታው ማዶ ሲሰሙ «ኮርማው መጣ! ኮርማው መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። እሱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እሁድ እሁድ ክራቫት አስሮ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ። ስሙን መጀመሪያ የሰማ ጊዜ ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር አሉ። በኋላ ለመደውና ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ኮርማው ነኝ» ሊል ምንም አልቀረው።

ሞተሯ ትንሽ መቶ ሲሲ ናት። ድሮ ቀይ ነበረች ይላል፤ እኔ ሳውቃት የጭቃ መልክ ይዛለች። መቀመጫዋ ተቀዶ በጎማ ተለጥፏል፤ ከኋላ ኮንቴይነሩ በከመነዳሪ፣ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቁራጭ፣ ጥፍንግ ተደርጎ ይታሰራል። የራሱ ንብረት ናት፤ የመንግሥት አይደለችም፤ ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልግ ነበር። የመንግሥቷማ ጋራዥ ገብታ እዚያው ቀርታለች፤ «በቅርቡ ትወጣለች» እየተባልን የጠባቂው ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት ሆናለች።

እኔ የተዳቀሉ ላሞችን መዝገብ የምይዝ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ጋር ሠርቻለሁ፤ እንደ እሱ ሞተር የያዘ ሰው ግን አላየሁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሆን በአሮጌ ሸሚዝ ይወለውላታል። ሰንሰለቷን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ይለካል፣ ዘይቷን ያያል፣ ጎማዋን በጥፍሩ ይቆረቁራል። ከዚያ ቁልፉን ሳይከፍት አንዴ በእግሩ ይረግጣታል። «ለምንድነው ሳትከፍት የምትረግጣት?» አልኩት አንድ ቀን። «ሰላምታ ነው። ዝም ብለሽ የተኛን ሰው ሥራ ሂድ ትይዋለሽ?» አለኝ። ሞተሯን በአማርኛ ነው የሚያናግራት፤ ላሞቹን ግን በሀዲይኛ ብቻ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ላም አማርኛ አትሰማም፤ ሞተር ደግሞ ሀዲይኛ አልተማረችም» ብሎኝ አረፈው።

ሰው ከኋላው አይጭንም። ከሆሳዕና ገበያ እስከ ሰፈሬ እንኳ አድርሰኝ ብለው አሻፈረኝ ይላል። «ከኋላዬ ስንትና ስንት ጥጃ ተቀምጦ አንቺ የት ልትቀመጪ ነው?» ይለኛል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያሉትን ማለቱ ነው። እኔም እየተሳደብኩ በባጃጅ እሄዳለሁ።

ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ አቤት! ማደያው ጋ የሞተር ሰልፍ እስከ አደባባዩ ድረስ ይደርሳል። ሰዉ ጋሽ ሄራሞን ሲያይ መንገድ ይከፍታል። «ኮርማው ይለፍ! ላም ቆማ እየጠበቀችው ነው!» ይላሉ፣ ገሚሱ የምሩን፣ ገሚሱ እየሳቀ። በእውነት የጠራችው ላም ካለች አመስግኖ ያልፋል። ከሌለች ግን «ዛሬ ላም የለብኝም» ብሎ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላታል እንጂ አያልፍም። እኔ ብሆን ላም በየቀኑ ይኖርብኝ ነበር።

እሁድም ቢሆን ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ጎንበስ ብሎ ከስብከት ይወጣል። ሞተሯን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የሚያቆማት። ሰባኪው አንድ ጊዜ «ወንድማችን ሄራሞን ላም ጠርታዋለች፤ እኛ እንቀጥል» ብሎ ምእመናኑ በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን ግድ የለውም። ኮርማ መፈለጓ ጠዋት የታየባት ላም ከሰዓት፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት፤ ሰዓቷ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። «ሚኒስትር ቀጠሮ ያራዝማል፤ ላም አታራዝምም» ይል ነበር።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረው። ገበሬው ምንም ቢምል ቢገዘት፣ ቢቸኩልም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ መጀመሪያ ላሟን በእጁ ሳይመረምር ከኮንቴይነሩ ምንም አያወጣም። «እጄ ይይ» ይላል። ሌሎቹ ባለሙያዎች እሱ አንዷን ሲጨርስ ሁለት ይጨርሱና ይቀልዱበታል።

ሞተር መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ወስዶኝ፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄ እኔም ሞተሯም አንድ ላይ ጭቃ ላይ ተዘረርን። ሮጦ መጣና መጀመሪያ ሞተሯን አነሳ፤ መሪዋን፣ መስታወቷን፣ ፔዳሏን አገላብጦ አየ። እኔ ጭቃው ላይ ሆኜ «ጋሼ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም?» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ የቱ ጋ እንዳመመሽ ትናገሪያለሽ፤ እሷ አትናገርም» አለ። ከዚያ መጥቶ አነሳኝ፤ የክርኔን ቁስል በራሱ መሐረብ ጠረገልኝ። መሐረቡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ፤ እስካሁን ሳስባት የምታቃጥለኝ ወደዚያች ቀን።

ነሐሴ መጨረሻ ነው። ጋሽ ሄራሞን ኩላሊቱ አሞት ተኝቷል። ዶዮገና ያለችው አክስቴ ባሏ ሞቶባት ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ፤ መኪና ደግሞ ጠፋ። አፍሬ አፍሬ ሞተሯን ለመንኩት። ከአልጋው ሳይነሳ ቁልፉን ሰጠኝ። «መንገድ ላይ ሰው ያስቆምሻል። ቁሚ፣ ስሚ። እኔን ሳትጠይቂ ግን ይመጣል እንዳትይ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከሆሳዕና ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ጉድ ፈላ። ሕፃናቱ «ኮርማው መጣ!» እያሉ ከየእንሰቱ ጓሮ ይወጣሉ። ሄልሜት አድርጌያለሁ፤ እነሱ ድምፁን እንጂ ማን እንደተቀመጠባት መች አዩ! አንዱ ሽማግሌ ላሙን እየጎተተ ወጥቶ፣ ሄልሜቱን ሳወልቅ ሹሩባዬን አይቶ ክው አለ። «ኮርማው ሴት ሆነ እንዴ?» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። እስከዚያ ድረስ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ቀጥሎ ያስቆመችኝ እትዬ አማረች ናት። በስም አውቃታለሁ፤ ላሟ ሁለት ጊዜ ተዳቅላ መዝገቤ ላይ አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለት ልጆች አሏት። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችኝ። ላሟ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ታስራ ትጮሃለች።

«ልጄ፣ ኮርማው የት አለ? ከንጋት ጀምሮ ድምፁን ስጠብቅ ነው የዋልኩት፤ ስልኩ አይነሳም» አለችኝ።

«አሞት ተኝቷል፣ እትዬ።»

«ወይኔ ጉዴ! ዛሬ ካላዳቀላት እኮ አለቀልኝ።»

ነገሩን እያለቀሰች ነገረችኝ። ላሟ የእሷ አይደለችም፤ የሟች ባሏ ወንድም የአቶ ዴታሞ ናት። አቶ ዴታሞ ዶዮገና ገበያ እህል ይነግዳል። ላሟን እንድታረባለት፣ ወተቱን ለልጆቿ እንድታደርግ፣ የሚወለደውን እንዲካፈሉ ነበር የሰጣት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጃ የለም። የመጨረሻው በግንቦት የተዳቀለችው ነው፤ እሱም አልያዘም ብላ ደምድማለች። መስቀል ደርሷል፤ አቶ ዴታሞ ደግሞ ከዘመዶቹ ጋር ቅርጫ ገብቷል። «ባዶ ላም ከምቀልብ ለመስቀል ትታረድ፤ ዛሬ ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሏታል። «ተዳቅላለች ካልኩት ሦስት ሳምንት እንኳ ይታገሰኝ ነበር። እሷ ከሄደች ለልጆቼ ምን እሰጣለሁ?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ለቅሶ ቤት ሳልደርስ ሰዉ ተነሥቶ ሊሄድ ነው። እጇን ከመሪው ላይ እንድታነሳልኝ ብቻ ፈልጌ፣ «እሺ እትዬ፣ ከሰዓት ይመጣል» አልኳት። አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነው። እሷ ሁለት እጄን ይዛ ሳመችው።

ዶዮገና ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ በዚያው መንገድ ስመለስ ከሩቅ አየኋት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ ካፊያው እየወረደባት፣ ላሟን እንዳሰረች ቆማለች። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሄልሜቴን ወደ ታች ሳብኩና ማርሽ ጨምሬ አለፍኳት። ድምፁን ሰምታ ወደ መንገዱ ስትሮጥ በመስታወቱ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

የጋሽ ሄራሞ ቤት ደርሼ ቁልፉን ስሰጠው ፊቴን አይቶ «ምን ሰበርሽ?» አለኝ። ሞተሯን ነው የመሰለው። «ምንም አልሰበርኩም» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳልፋት ወደ መንገዱ መሮጧን ሳይቀር።  ስጨርስ ብርድ ልብሱን ገልብጦ ተነሳና «ሱሪዬን ስጡኝ» አለ።

ባለቤቱ እትዬ ብርሃኔ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «አብደሃል? ቀጥ ብለህ መቆም ያልቻልክ ሰውዬ!»

«በእኔ ሞተር ላይ ተቀምጣ ይመጣል ብላለች። እንግዲህ እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። እኔን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ጫነኝ። መሬቱ ስለሚያንሸራትት ኮንቴይነሩን እኔ ታቅፌ መያዝ ነበረብኝ። ጉድጓድ ስንገባ ሲያቃስት ይሰማኛል። ገና ሳይመሽ ደረስን። አቶ ዴታሞ ቀድሞን ደርሷል፤ ገመድ በእጁ ይዞ ላሟ አጠገብ ቆሟል። እትዬ አማረች ስታየን እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ጋሽ ሄራሞ ሞተሯን አቆመና ወደ እኔ ዞሮ፣ «መጀመሪያ ንገሪያት» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩ፣ ምኑን እንደሆነ እያወቅኩ።

«ያደረግሽውን።»

መጥተናል እኮ፣ አሁን ምን ያደርጋል ብዬ በልቤ ተናደድኩ። ግን ነገርኳት። «እትዬ፣ ይመጣል ያልኩሽ ሳልጠይቀው ነው። በኋላም አይቼሽ ነው ያለፍኩት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ መገረም ነው። «አንቺ ነበርሽ?» አለች ብቻ።

ጋሽ ሄራሞ ጓንቱን አጥልቆ ላሟን በሀዲይኛ እያባበለ መመርመር ጀመረ። ብዙ ቆየ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮው የሚሰማ ይመስል አንገቱን አዘንብሎ። ከዚያ እጁን አወጣና ጓንቱን አወለቀ። «አላዳቅላትም» አለ።

እትዬ አማረች ራሷን ያዘች። «ለምን? ሰዓቷ አለፈ?»

«አርግዛለች። ሦስት ወሯ ነው። የግንቦቱ ይዟል።» አንዳንድ ላም አርግዛም ኮርማ የፈለገች እንደምትመስል፣ አሁን ቢያዳቅላት ጽንሱን ሊያስወርዳት እንደነበር ቀስ ብሎ አስረዳት። እትዬ አማረች አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

አቶ ዴታሞ ግን ሳቀ። «አቶ ሄራሞ፣ ለእሷ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል። ከንጋት ጀምሮ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ያረገዘች ላም ኮርማ ትጠራለች? መስቀልን ልታሻግራት ነው።» ገመዱን ላሟ አንገት ላይ ማሰር ጀመረ።

ጋሽ ሄራሞ እጁን በጀሪካን ውሃ ታጠበ፣ በሱሪው አደረቀና ወደ ሞተሯ ሄደ። ከመቀመጫው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መጣ። የሞተሯ ሊብሬ ነው።

«ይሄን ያዝ። እስክትወልድ አንተ ጋ ይቀመጥ። ባዶ ሆና ከተገኘች ሞተሯን መጥተህ ውሰድ፤ በስምህ አዞርልሃለሁ። እስከዚያ ላሟ እዚሁ ትሁን» አለው።

«ውርርድ ነው?»

«እኔ አልወራረድም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። መያዣ ነው።»

አቶ ዴታሞ ሊብሬውን ገለጠ፣ ስሙን አነበበ፣ ታርጋውን ከሞተሯ ጋር አመሳከረ። ነጋዴ ነው፣ ጎማዋን እንኳ በእግሩ ነካ አደረገ። ከዚያ ሊብሬውን የውስጥ ኪሱ ከተተና ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ስንመለስ ከኋላው ሆኜ «ብትሳሳትስ ጋሼ?» አልኩት። «ሞተሯ ትሄዳለች» አለኝ። 

መዘዙ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ትንሽ ተሽሎት ሥራ ጀምሮ ነበር። አዲስ የመጣ ትራፊክ አስቆመውና ሊብሬ ጠየቀው። «አስይዤዋለሁ» አለ ጋሽ ሄራሞ። «ባንክ?» «አይ፣ ላም ላይ።» ትራፊኩ የሚቀልድበት መስሎት ሊቆጣ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ራሱን ነቅንቆ፣ «አባት፣ ዛሬ ይለፍዎ፤ ካሁን በኋላ ግን ያለ ሊብሬ እንዳላይዎት» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን የትራፊኩን ተራ እያየ ይነዳ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ሞተሯን ቤቱ ወስዶ ሸራ አለበሳትና አቆማት።

«ጠፋብኝ በልና ምትክ አውጣ፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው» አልኩት።

«አልጠፋም እኮ። የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ኮንቴይነሩን በፈረስ ጋሪ እየጫነ፣ ጋሪ በማይገባበት በእግሩ እየተሸከመ መሥራት ጀመረ። ሕፃናቱ ድምፅ ስለማይሰሙ በድንገት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያዩታል፤ «ኮርማው በእግሩ መጣ!» ይላሉ። ላብ በላብ ሆኖ፣ ወገቡን ይዞ ቢሮ ሲገባ ሳየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር። ያቺ አንዲት ቃሌ ናት ሞተሩን ያሳጣችው። ጠዋት ጠዋት ግን ሞተሯን አሁንም ይወለውላታል አለችኝ እትዬ ብርሃኔ፤ አንዴ አስነስቶ ትንሽ ያዳምጣትና ያጠፋታል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ተጠራጠርኩ። መዝገቤን ወደ ኋላ ገልጬ ፈለግሁ፤ አንድ ስህተት አገኘሁበት። ከዓመታት በፊት አንዷን ላም አርግዛለች ብሎ ባዶ ሆና ተገኝታለች። ያንን ስህተት ማንም አላጋለጠበትም፤ እሱ ራሱ ከገበሬው ቤት በቀጥታ መጥቶ «ጻፊ፣ ሄራሞ ተሳስቷል» ብሎኝ በእጄ የጻፍኩት ነው። ያን ጊዜ በሐቀኝነቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር ያቺን መስመር ደግሜ አነባታለሁ። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ሁለተኛ ለምን አይሳሳትም? በየሳምንቱ ለእትዬ አማረች መደወል ጀመርኩ። «ሆዷ እንዴት ነው? ተነፋ? ይንቀሳቀሳል?» እላለሁ። እሷ ደግሞ አንድ ሳምንት «አዎ ገፋ ብሏል» ትለኛለች፣ ሌላ ሳምንት «እንጃ ልጄ፣ ሣር ይሁን ጥጃ» ትለኛለች። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ «እንጃ» ነው። እሱን ራሱን እንኳ ሦስቴ ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ «እጄ አይቷል» አለኝ። በሦስተኛው አየት አድርጎኝ ኮንቴይነሩን አንስቶ ወጣ።

ጥር ላይ ባሰበት። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ልጠይቀው ስሄድ የሚያወራኝ ስለ ላሞች ነው፤ የእገሌ ላም ስንት ወሯ እንደሆነ፣ የእገሌ መቼ እንደምትወልድ በቃሉ ያስጽፈኛል። የእትዬ አማረችን ላም ሲያስጽፈኝ «የካቲት መጨረሻ» አለ። እኔ ጻፍኩ።  እትዬ ብርሃኔን ውጪ አግኝቼ በእግሩ መሄዱ ይሆን እንዲህ ያደረገው ብዬ አለቀስኩባት። ሐኪሙ የቆየ ሕመም ነው እንዳላት ነገረችኝ፣ አቅፋም አባበለችኝ። እሱም የካቲት ሲገባ፣ ላሟ ሳትወልድ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ከዚያ ሁሉ መንደር የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ተርፏል። ሞተሯ ጥግ ላይ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። አቶ ዴታሞ ገባ። ጥቁር ኮት ለብሷል። ሳየው፣ ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ስለ ሞተሯ ሊናገር ነው ብዬ አሰብኩ፣ ልነሳበትም ዳዳኝ። እሱ ግን እስከ እትዬ ብርሃኔ ድረስ ሄዶ ጎንበስ አለና ከውስጥ ኪሱ ያንን ፌስታል አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

መታገስ አቃተኝ። በለቅሶው መሐል ጮክ ብዬ «ወለደች?» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ገና ናት» አለ አቶ ዴታሞ።

«ታዲያ ለምን መለስከው?»

«እሱ አርግዛለች ብሏላ» አለኝ፣ የማላውቀውን ነገር እንደሚነግረኝ። «ከወለደች በኋላ ባመጣው ያመንኩት ላሟን እንጂ እሱን አይሆንማ።»

ከዚያ ከወንዶቹ ጋር ሄዶ ተቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው የሠራሁት እኔ፣ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ለቅሶው ከመምጣቴ በፊት ለእትዬ አማረች ደውዬ የላሟ ጡት ሞልቶ እንደሆነ ጠይቄ ነበር።